የላላ የኤሌክትሪክ መጋጠሚያን በሙቀት ካሜራ እንዴት ማግኘት ይቻላል?

የላላ ብሎን ድምፅ የለውም። የሚሸተውም ፕላስቲኩ መቅለጥ ከጀመረ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ግን ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ይሞቃል። በሙቀት ካሜራ የምንፈልገው ይህንን ሙቀት ነው።

የማከፋፈያ ሳጥኑን ክዳን የሚከፍተው የኤሌክትሪክ ባለሙያ ብቻ ይሁን፤ ውስጡ 380 ቮልት አለ። ክዳኑን ሳይከፍቱ በመስታወት አሻግሮ ማየት አይቻልም። ካሜራው የሚያነበው የመስታወቱን ሙቀት ነው።

ማሽኖቹ በሥራ ላይ መሆን አለባቸው። በመጋጠሚያው ላይ ጅረቱ በግማሽ ሲቀንስ የሚፈጠረው ሙቀት ወደ ሩብ ይወርዳል፤ ስለዚህ በምሳ ሰዓት የተነሣ ፎቶ ጥፋቱን ይደብቃል። ጭነቱ ከሙሉው ጭነት ቢያንስ 40 በመቶ ይሁን፤ ማሽኖቹም አንድ ሰዓት ያህል ይሥሩ። የእያንዳንዱን ፌዝ (ኃይል ከሚያመጡት ሦስት መስመሮች የአንዱን) አምፔር ለክታችሁ ጻፉ።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንምጣ። ካሜራው ሙቀትን በቀጥታ አይለካም፤ ከዕቃው ገጽ የሚወጣውን ጨረር ተቀብሎ ወደ ዲግሪ ይለውጣል። ቀለም የተቀባ ብረትና የገመድ ልባስ ሙቀታቸውን በሚገባ ያወጣሉ። የሚያብረቀርቅ መዳብ ግን የራሱን ሙቀት ከአንድ አሥረኛ በታች ብቻ እያወጣ፣ የአካባቢውን እንደ መስታወት መልሶ ያንጸባርቃል።

ይህንን የተማርሁት በአንድ የዱቄት ፋብሪካ ነው። የመዳቡ ዘንግ በካሜራው ላይ ከክፍሉ ሙቀት እምብዛም አይለይም ነበርና ደህና ነው ብዬ ፈርሜ ወጣሁ። ከሦስት ሳምንት በኋላ መጋጠሚያው ተቃጥሎ ወፍጮው ቆመ። የቀድሞውን ፎቶ መልሼ ሳየው፣ ከብሎኑ አጠገብ ያለው የገመድ ልባስ ከሌሎቹ ሁለት ፌዞች ይልቅ ደምቆ ይታያል። ማስረጃው እጄ ላይ ነበር፤ እኔ ግን መዳቡን አምኜ ልባሱን አላየሁም።

ስለዚህ ኃይሉ ተቋርጦ፣ መቋረጡም በመለኪያ ከተረጋገጠ በኋላ በየመጋጠሚያው አጠገብ ትንሽ ጥቁር ናስትሮ ለጥፉ። ኃይሉ ሲመለስ የካሜራውን የጨረር መጠን (emissivity፦ ገጹ ሙቀቱን ምን ያህል በጨረር እንደሚያወጣ የሚነግረውን ቁጥር) 0.95 ላይ አድርጋችሁ ናስትሮውን አንብቡ። ማቋረጥ ካልተቻለ የገመዱን ልባስ አንብቡ። የሞቀ ነጥብ ካያችሁ ደግሞ አንድ እርምጃ ወደ ጎን ሂዱ፤ ነጥቡ አብሯችሁ ከተንቀሳቀሰ ነጸብራቅ ነው።

ቀጥሎ ሦስቱን ፌዞች አነጻጽሩ። ጭነታቸው ተመሳሳይ ሆኖ አንዱ ከ15 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ከበለጠ ጥገናው ዛሬ ይደረግ። ከ4 እስከ 15 ከሆነም ጥፋት ሳይኖር አይቀርም። ሙቀቱ መጋጠሚያው ላይ በርትቶ በገመዱ ላይ እየቀነሰ ከሄደ መጋጠሚያው ላልቷል ወይም ዝጓል። ገመዱ ከዳር እስከ ዳር እኩል ከሞቀ ግን ችግሩ የጭነት ብዛት ነው፤ ብሎን ማጥበቅ አይፈታውም።

ስለ መሣሪያ ከጠየቃችሁኝ፣ በስልክ ላይ የሚሰካው ትንሽ ካሜራ በቅርብ ላለ ሳጥን ይበቃል። ምስል ሳያሳይ አንድ ቁጥር ብቻ የሚሰጠውን ባለ ነጥብ የሙቀት መለኪያ ግን ለዚህ ሥራ አልመክርም፤ የብሎኑንና የዙሪያውን ሙቀት አደባልቆ አማካዩን ይሰጣል።

ብሎኑን ከማጥበቅ በፊት የተቃጠለውን ገጽ አጽዱ፤ ልባሱ የደረቀ ገመድ ደግሞ ይቆረጥ። በመጨረሻ በዚያው ጭነት፣ ከዚያው ቦታ ሁለተኛ ፎቶ አንሥታችሁ ከነአምፔሩ ከመጀመሪያው ጎን አስቀምጡ።