አንቀጽ ስንጠቅስ የምንሠራቸው ስህተቶች

ባለፈው ሳምንት አንዲት ተለማማጅ ረቂቅ ጽሑፍ ይዛ ቢሮዬ መጣች። ጎበዝ ልጅ ናት። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ግን «ሲዳማ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 39 መሠረት ክልል ሆነ» ይላል። እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ። ይህን ነገር እዚህ ሐዋሳ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደሰማሁት ቤት ይቁጠረው። በጥናት ጽሑፍ፣ በስብሰባ፣ በሻይ ቤት ወሬ። ስለዚህ ዛሬ ልጻፈው።

አንቀጽ 39ን ከአንቀጽ 47 ጋር አታደባልቁ። 39 የራስን ዕድል በራስ ስለመወሰን ነው፣ እስከ መገንጠል ድረስ። የመብቱ መነሻ እሱ ነው ብትሉ አልከራከራችሁም። ንዑስ አንቀጽ 4 የሚያስቀምጠው ሥርዓት ግን የመገንጠልን ነው፤ ሕዝበ ውሳኔውን የሚያደራጀው የፌዴራል መንግሥት ነው፣ ጊዜውም 3 ዓመት ነው። አዲስ ክልል የሚመሠረተው በአንቀጽ 47 ነው። የብሔሩ ምክር ቤት በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይወስናል፣ ጥያቄው በጽሑፍ ለክልሉ ምክር ቤት ይቀርባል፣ የክልሉ ምክር ቤት በ1 ዓመት ውስጥ ሕዝበ ውሳኔ ያደራጃል። ክልል እንሁን ያለን ሕዝብ በ39(4) ስትጠቅሱት አገር እንልቀቅ ብሏል እያላችሁ ነው። ይህ ቀላል ስህተት አይደለም።

ለሐዋሳ ሰው ደግሞ ጉዳዩ ከወረቀት በላይ ነው። የሲዳማ ዞን ምክር ቤት ሐምሌ 11 ቀን 2010 ወሰነ። 11/11/11 ይባል የነበረው ቀን፣ ሐምሌ 11 ቀን 2011 ማለት ነው፣ ያ አንድ ዓመት የሞላበት ነው። ሕዝበ ውሳኔው የተካሄደው ኅዳር 10 ቀን 2012 ነው። በመካከሉ የሰው ሕይወት ጠፍቷል። ያን ሰሞን «ዓመቱ ካለፈ ክልሉ በራሱ ይታወጃል» የሚሉ ነበሩ። «ዓመቱ ቢያልፍም ለውጥ የለውም» የሚሉም ነበሩ። ሁለቱም እዚያው አንቀጽ ላይ ጣታቸውን አድርገው ነው የሚከራከሩት። አንቀጹ በዓመት ውስጥ አደራጅ ይላል፤ ካልተደራጀስ ለሚለው መልስ የለውም። ሕጉ ዝም ባለበት ቦታ ዝም ብሏል ብሎ ለሰው መንገር የእኛ የባለሙያዎቹ ሥራ ነበር። ብዙዎቻችን አልተናገርንም። እኔም ከእነሱ አንዱ ነኝ።

እግረ መንገዴን፣ የአንቀጽ 47 ዝርዝር ዛሬም 9 ክልሎችን ነው የሚጠራው። በተግባር 12 ስለሆኑ «ሕገ መንግሥቱ 12 ክልሎች ይላል» ብላችሁ አትጻፉ።

ሌላው የዘመን አቆጣጠር ነው። «የ1987 ሕገ መንግሥት» ስትሉ የትኛውን ነው? በእኛ አቆጣጠር ከሆነ አሁን የሚሠራበት ነው፤ ኅዳር 29 ቀን 1987 ጸደቀ፣ ነሐሴ 15 ቀን 1987 ሥራ ላይ ዋለ። በፈረንጆቹ ከሆነ የደርግ ዘመኑ፣ የኢትዮጵያ ሕዝባዊ ዲሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ (ኢሕዲሪ) ሕገ መንግሥት ነው። ወጣት ሳለሁ አንድ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ላይ 1987 የሚል አይቼ የኢሕዲሪን ድንጋጌ ለአሁኑ ሰጥቼ ጻፍኩ። ታትሞ ከወጣ በኋላ አንድ አንጋፋ ዳኛ ጠርተው ነገሩኝ። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ያረቀቁት የ1923ቱም በፈረንጅ መጽሐፍ 1931 ነው፣ የተሻሻለው የ1948ቱም 1955። ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. ብሎ መጻፍ ሁለት ሰከንድ አይፈጅም።

ክብረ ነገሥትና ፍትሐ ነገሥት የተለያዩ መጻሕፍት ናቸው። የሕግ መጽሐፉ ሁለተኛው ነው።

ጀማሪ ጠበቆች ደግሞ «ይህ አዋጅ ሕገ መንግሥቱን ስለሚቃረን ፍርድ ቤቱ ይሻርልኝ» ብለው አቤቱታ ይጽፋሉ። ደንበኛው ገንዘብ ከፍሏል፣ ቀጠሮ ጠብቋል፣ ጥያቄው ግን የመጣው የማይመለስበት ቦታ ነው። ሕገ መንግሥቱን የመተርጎም ሥልጣን በአንቀጽ 62 ለፌዴሬሽን ምክር ቤት ተሰጥቷል። ችሎቱን መጠየቅ ያለባችሁ የትርጉም ጥያቄው ወደ ሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ እንዲላክ ነው። ጉባኤውም ትርጉም ያስፈልጋል ካለ የውሳኔ ሐሳብ ያቀርባል እንጂ የመጨረሻውን ቃል አይናገርም።

የመጨረሻው የሚያናድደኝ እንግሊዝኛውን ብቻ አንብቦ መከራከር ነው። አንቀጽ 106 የመጨረሻ ሕጋዊ እውቅና ያለው የአማርኛው ቅጂ ነው ይላል። ልዩነቱ አንዳንዴ ትልቅ ነው። ሕገ መንግሥቱን ይቃረናል የተባለ ሕግ ለአጣሪ ጉባኤው ስለሚቀርብበት ሁኔታ የሚናገረውን አንቀጽ 84(2)ን ተመልከቱ። እንግሊዝኛው የፌዴራል ወይም የክልል «ሕግ» ብሎ ያልፋል። አማርኛው ግን በሕግ አውጪ አካላት የሚወጡ ሕጎችን ነው የሚያነሳው። ታዲያ አስፈጻሚው ያወጣው ደንብ ወይም መመሪያ ሲሆንስ ፍርድ ቤት ራሱ ሊያየው ይችላል? ምሁራን ለዓመታት የተከራከሩት በእነዚህ ጥቂት ቃላት ላይ ነው። በኋላ የወጣው የአጣሪ ጉባኤው አዋጅ 798/2005 «ሕግ» ለሚለው ቃል ሰፊ ትርጉም ሰጥቶ ደንብና መመሪያንም አስገባ። አዋጅ የሕገ መንግሥቱን ቃል እንዲህ ማስፋት ይችላል ወይ? ለእኔ ክርክሩ አልተዘጋም። እንግሊዝኛውን ብቻ ያነበበ ሰው ግን ክርክር መኖሩንም አያውቅም።

ተለማማጇን «የትኛውን ቅጂ ነው ያነበብሽው?» አልኳት። ስልኳን አሳየችኝ፤ እንግሊዝኛው ነው፣ እሱም አንቀጽ 39 ላይ ቆሟል። ጠርዟ የተላጠውን የአማርኛ ቅጂዬን ከመደርደሪያው አውርጄ ሰጠኋት። እዚያው ቆማ 47ን እስከ መጨረሻው ፊደል ተራ አነበበች። ከዚያ «ጋሼ፣ ዓመቱ ካለፈስ?» አለችኝ።