በ«ታይም» አጠቃቀም ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የእኛ «ሰዓት» ብዙ ጫና አለበት። እጅ ላይ የሚታሰረውም፣ ስልሳው ደቂቃም፣ «ስንት ሰዓት ነው?» የምንለውም እሱው ነው። እንግሊዝኛ ለእያንዳንዱ ሌላ ቃል ስላለው «ታይም» ላይ እንሰናከላለን።

ኪሳራ የሚያመጣው ግን ቁጥሩ ነው። ከደብረ ብርሃን መናኸሪያ «መኪናው ጠዋት 12 ሰዓት ይነሳል» የተባለውን «አት ትዌልቭ ኦክሎክ» ብሎ የተረጎመ አስጎብኚ፣ እንግዳውን እኩለ ቀን ላይ ያመጣዋል። የእኛ ቁጥር እስከ 6 ከሆነ 6 ይደምሩ፣ ከ6 ከበለጠ 6 ይቀንሱ። ጓሳ ላይ ጭላዳ ለማየት 1 ሰዓት ከተቀጣጠሩ «ሰቨን»፣ 9 ሰዓት ከሆነ «ስሪ» ይበሉ። ሌሊት ላይ ደግሞ ቀኑም ይቀየራል፤ የእነሱ ቀን የሚጀምረው በእኩለ ሌሊት ነውና። «ማክሰኞ ለረቡዕ አጥቢያ ከሌሊቱ 8 ሰዓት» በእንግሊዝኛ ረቡዕ፣ «ቱ ኤኤም» ነው። ማክሰኞ ብለው ከጻፉ አንድ ሙሉ ቀን ተሳሳቱ።

«ሁለት ሰዓት ጠበቅሁ» ለማለት «ቱ ታይምስ» አይባልም፤ ሁለት ጊዜ ተመላልሶ መጠበቅ ይሆናል። ትክክሉ «ቱ አወርስ» ነው። «ሁለት ሰዓት ላይ» ሲሆን ግን «አወር»ም አይሠራም፤ «አት ኤይት ኦክሎክ» ይባላል።

«ብዙ ጊዜ» ሦስት መልክ አለው። «ብዙ ጊዜ አንኮበር ሄጃለሁ» ድግግሞሽ ስለሆነ «ሜኒ ታይምስ»። «ብዙ ጊዜ የለኝም» የሚቆጠር ስላልሆነ «መች ታይም»፤ እዚህ «ታይምስ» ማለት ስህተት ነው። «ጣርማበር ብዙ ጊዜ ጉም ይለብሳል» ሲባል ደግሞ «ታይም» ጭራሽ አያስፈልግም፤ «ኦፍን» ይበቃል።

«በሰዓቱ» እና «በጊዜ» የሚለያዩበት ቦታ ደግሞ ጎበዝ ተማሪን ሳይቀር ያሳስታል። በተባለው ሰዓት ልክ መድረስ «ኦን ታይም» ነው። «ኢን ታይም» ሳያመልጥ መድረስ ነው፤ መኪናው ሊንቀሳቀስ ሲል ዘሎ የገባ ሰው «ኢን ታይም» ደርሷል። እናት «በጊዜ ግባ» ስትል ግን ሁለቱንም ማለቷ አይደለም። ሳይመሽ ማለቷ ነው፤ እሱ «ኧርሊ» ነው።

በሒሳብ «ስሪ ታይምስ ፎር» ሲባል ሦስት ሲባዛ በአራት፣ 12 ማለት ነው። «ስሪ ታይምስ አዝ ቢግ» ከተባለ ሦስት እጥፍ ነው እንጂ ሦስት ጊዜ አይደለም።