ከቆራሌ ጆንያ የወጣ የድሮ ኪቦርድ፦ እንዴት ለይቶ፣ አጥቦ፣ መልሶ ማስጻፍ ይቻላል?

ጎንደር ውስጥ የቆየ ኪቦርድ የሚፈልግ ሰው ፒያሳ ካሉት የኮምፒውተር ጥገና ቤቶች ይጀምር። ከመደርደሪያቸው ጀርባ ማንም የማይጠይቀው ብዙ ነገር አለ። መሥሪያ ቤቶች አሮጌ ዕቃ በጨረታ ሲያወጡም ይገኛል፤ ዕድለኛ ከሆናችሁ ደግሞ ቆራሌው ጆንያ ውስጥ። ጀርባው ላይ የንብረት ቁጥር የተለጠፈበትን ያለ ደረሰኝ አትግዙ፤ ጣጣው ኋላ ይመጣል።

እውነቱን ለመናገር አብዛኛው የምታገኙት ተራ የጎማ ኪቦርድ ነው። ሰብሳቢዎች የሚያሳድዱት ሌላ ነው፦ ብረት ያለበት፣ ሲመታ የሚጮህ፣ ቁልፎቹም ዛሬ በማንጠብቃቸው ቦታ የተቀመጡ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

አንደኛ፦ ዋጋ ከመጠየቅ በፊት አቀማመጡን ማንበብ

ዛሬ ሁላችንም የለመድነው አደራደር፣ ማለትም ኤፍ ቁልፎች ከላይ፣ ቀስቶች ለብቻ፣ ቁጥሮች በስተቀኝ፣ መልክ የያዘው በ1980ዎቹ አጋማሽ ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ ኩባንያ የእጃችንን ሥራ በራሱ መንገድ ያስብ ነበር። ሰብሳቢን የሚስበውም ይኸው ነው፤ ተሞክረው የተተዉ ሐሳቦችን በጣት መንካት።

አቀማመጡ የኪቦርዱ መታወቂያ ነው። ቁልፎቹን ቁጠሩ። 83 ከሆኑና አሥሩ ኤፍ ቁልፎች በስተግራ በሁለት ዓምድ ከቆሙ፣ በ1981 ከመጀመሪያው የአይቢኤም ፒሲ ጋር የወጣው ዓይነት ነው። ኤስኬፕ ከ1 ቁጥር ጎን ነው፤ ኮንትሮል ዛሬ ካፕስ ሎክ ባለበት ቦታ ተቀምጧል፤ ካፕስ ሎክ ራሱ ታች በስተቀኝ ተጥሏል፤ መብራት የሚባል የለውም። 84 ከሆኑ የ1984ቱ የአይቢኤም ኤቲ ኮምፒውተር ኪቦርድ ነው፦ ኤፍ ቁልፎቹ አሁንም በስተግራ ናቸው፣ ኤስኬፕ ግን ወደ ቁጥሮቹ ጎራ ሄዷል፤ መብራቶችም መጥተዋል። 122 ቁልፍ ያለው ግዙፉ ደግሞ የትልልቅ ኮምፒውተሮች ተርሚናል (ከዋናው ኮምፒውተር ጋር የሚያገናኝ ስክሪንና ኪቦርድ) ኪቦርድ ነው፤ ከላይ 24 ኤፍ ቁልፎች በሁለት ረድፍ፣ በስተግራ ሌላ አሥር። ለእኔ ከሁሉም የሚያምረኝ ይኼ ነው፤ ጠረጴዛችሁ ሰፊ ከሆነ።

ኮንትሮል ከኤ ፊደል ጎን ሆኖ በስተግራ ስቶፕ (Stop)፣ አጌን (Again)፣ አንዱ (Undo) የሚሉ ቁልፎች ካሉ የሰን ኩባንያ ነው። በሊስፕ ማሽኖች (ሊስፕ ለተባለው የፕሮግራም ቋንቋ በተሠሩ የድሮ ኮምፒውተሮች) ላይ የነበሩት ሱፐር፣ ሃይፐር እና ሜታ የሚሉ ቁልፎች ያሉበት ኪቦርድ ግን እዚህ አይጠበቅም። ካገኛችሁ ዝም ብላችሁ ግዙ።

ሁለተኛ፦ አንድ ክዳን መንቀል

ሻጩን አስፈቅዳችሁ የአንዱን ቁልፍ ክዳን ቀጥ አድርጋችሁ ወደ ላይ ሳቡ። ስፔስን አትንኩ፤ ከሥሩ ሽቦ ይዞታል። የጎማ ጉብታ ካያችሁ ተራ ነው። የመደመር ምልክት የመሰለ ቀጭን ዘንግ ካለ ቼሪ፣ ጠባብ አራት ማዕዘን ቀዳዳ ካለ ምናልባት አልፕስ ነው፤ ሁለቱም ከቁልፍ ሥር ያለውን መሣሪያ የሠሩ ኩባንያዎች ናቸው። ራቁቱን የቆመ ሞላ ካያችሁ የአይቢኤም ነው፦ ስትጫኑት ሞላው ይታመቅና በድንገት ወደ ጎን ይታጠፋል፤ ሲታጠፍ ከሥሩ ያለችውን ትንሽ መዶሻ ይመታል። ድምፁና የፊደሉ መመዝገብ አንድ ላይ የሚሆኑት በዚህ ነው።

በ1985 የመጣው የአይቢኤም ሞዴል ኤም ጀርባው ላይ የተሠራበት ቀን ተጽፎበታል። ስትነቀንቁት ውስጡ ከተንኳኳ ከቁልፎቹ ሥር ያለውን የብረት ሳህን የያዙት የፕላስቲክ ጉጦች ተሰብረዋል ማለት ነው። ሁሉም ቁልፎች ከሠሩ ተዉት። ብዙዎቹ ጉጦች ከረገፉ በስቶ በትንንሽ ቡሎን ማሰር ይቻላል፤ ግን ትዕግሥት ይጠይቃል። የሞዴል ኤም ሽፋን ለመክፈት 5.5 ሚሊ የሆነ ረጅም አንገት ያለው ቡሎን መፍቻ ያስፈልጋል፤ ተራ ካቻቢቴ አይደርስም።

ሦስተኛ፦ ማጠብ

መጀመሪያ ፎቶ አንሱ፤ ያልተለመደ አቀማመጥ ያለውን ያለ ፎቶ መልሶ መግጠም ራስ ምታት ነው። ክዳኖቹን ለብ ባለ ውኃና በላርጎ ዘፍዝፉ፤ የፈላ ውኃና አሴቶን አታስነኳቸው። ጥላ ውስጥ አድርቁ፤ የጎንደር ፀሐይ ነጭ ፕላስቲክን ቢጫ ታደርጋለች። አካሉን በብሩሽ ብቻ አጽዱ።

አራተኛ፦ ማገናኘት

ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ነው። የ83ቱና የ84ቱ መሰኪያ አንድ ዓይነት ባለ አምስት እግር ክብ ነው፤ የሚልኩት ምልክት ግን የተለያየ ነው። 84ቱ በቀላል መቀየሪያ ፒኤስ/2 (ከዩኤስቢ በፊት የነበረው ትንሽ ክብ የኪቦርድ ቀዳዳ) ባለው ኮምፒውተር ላይ ይሠራል። 83ቱ ይሰካል እንጂ አይጽፍም፤ ብዙ ደህና ኪቦርድ «ተበላሽቷል» ተብሎ የሚጣለውም በዚህ ምክንያት ነው። አንዳንዱ ባለ 122 ደግሞ የኔትወርክ ገመድ የመሰለ ጫፍ አለው፤ ራውተር ላይ እንዳትሰኩት።

ለዩኤስቢ የውስጥ ቺፕ ያለው መቀየሪያ ያስፈልጋል። ፕሮ ማይክሮ የምትባል ትንሽ ቦርድ ትበቃለች። ለ83ቱና ለ84ቱ የሚበየዱት አራት ሽቦዎች ናቸው፦ 1ኛው እግር ክሎክ፣ 2ኛው ዳታ፣ 4ኛው መሬት፣ 5ኛው 5 ቮልት። የእግሮቹ ቁጥር በተርታ እንዳልሆነ ልብ በሉ፤ ከዳር እስከ ዳር 1፣ 4፣ 2፣ 5፣ 3 ነው። ከመበየዳችሁ በፊት በቴስተር አረጋግጡ። ቲኤምኬ የተባለው ነፃ ፕሮግራም ለእነዚህ ኪቦርዶች የሚሆን መቀየሪያ አለው፤ የትኛው ሽቦ ከቦርዱ የትኛው እግር ጋር እንደሚገናኝ መመሪያው ላይ አለ። ፒኤስ/2 ላይ የምትሰኩ ከሆነ ኮምፒውተሩን አጥፉ።

አምስተኛ፦ አማርኛ ማስጻፍ

ፓወር ግዕዝም ሆነ ኪይማን የሚሠሩት ኮምፒውተሩ ላይ ስለሆነ ኪቦርዱ ዕድሜው አያግዳቸውም። መሐንዲስ አያና ብሩ የአማርኛ የጽሕፈት መኪና ሲሠሩ ከሁለት መቶ በላይ ፊደል በጥቂት ቁልፎች ላይ ማብቃቃት ነበረባቸው፤ ባለ 122 የያዘ ሰው ግን ትርፍ ቁልፍ አለው። ከኤፍ 13 በላይ ያሉትን ለሥርዓተ ነጥብ ስጧቸው። የዩኒኮድ ቁጥራቸው ። 1362፣ ፣ 1363፣ ፤ ደግሞ 1364 ነው። በሊኑክስ ብዙ ፕሮግራሞች ላይ ኮንትሮል፣ ሺፍትና የዩ (U) ፊደልን አንድ ላይ ተጭኖ፣ ቁጥሩን ጽፎ ስፔስ መጫን ይበቃል፤ መቀየሪያው ይህን በአንድ ቁልፍ እንዲልክ ማድረግ ይቻላል።

ክዳኖቹ ላይ ስቲከር አትለጥፉ፣ ገመዱንም አትቁረጡ፤ ሰብሳቢ መጀመሪያ የሚጠይቀው እነዚህን ነው። ሴት መሰኪያ ገዝታችሁ ቦርዱን ከእሱ ጋር በይዱ። የቁልፎቹን ድልድል የያዘውን ፋይል ደግሞ ፍላሽ ላይ አስቀምጡ፤ ቦርዱ ቢቃጠል በሌላ ላይ ጭናችሁ ትቀጥላላችሁ።