ቲ-34 ሲያስቸግር፦ ምልክቱ፣ መንስኤው፣ መፍትሄው

የሁለተኛው የዓለም ጦርነት የሶቪየቶቹ መካከለኛ ታንክ ቲ-34 በወረቀት ላይ እንከን አይወጣለትም። የፊቱ ብረት 45 ሚሊ ሜትር ሆኖ ተጋድሞ የተሠራ ነው። መድፉ 76 ሚሊ ሜትር፣ የናፍጣ ሞተሩ 500 የፈረስ ጉልበት ነው። ሰንሰለቱም ሰፊ ስለሆነ ጭቃና በረዶ አይበግረውም። ውስጡ ገብተው የተዋጉበት ሰዎች ግን ብዙ የሚሉት ነበራቸው። ከጋራዥ ችግሮች እንጀምር፤ ዋናው በሽታ ሌላ ቦታ ነው። (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ማርሽ አልገባ ይላል

መንስኤው ካምቢዮው ነው። የመጀመሪያው ባለ 4 ማርሽ ሲሆን ለማስገባት ጉልበት ይጠይቃል። ሾፌሩ ሲያቅተው ጎኑ የተቀመጠው ሬዲዮኛ እጁን ይጨምርለታል። ሲብስ መዶሻ ይነሳል። በ1941 ጀርመን በወረረች ሰሞን ብዙ ቲ-34ዎች የጠላት ጥይት ሳይነካቸው በብልሽትና በነዳጅ እጦት መንገድ ላይ ቀርተዋል። ለጊዜው የተገኘው ዘዴ መለዋወጫ ካምቢዮ ከኋላ ጭኖ መሄድ ነበር። ዘላቂው መፍትሄ ባለ 5 ማርሹ ካምቢዮ ነው፤ እሱ የመጣው በጦርነቱ አጋማሽ ነው።

ሞተሩ አቅም ያጣል፣ ከዚያ ይሞታል

ፊልትሮውን እዩ። አቧራ ያሳልፋል፣ አቧራው ሲሊንደሩን ይፍቃል። አሜሪካኖች አንድ ቲ-34 ወስደው አበርዲን በሚባለው የሙከራ ሜዳቸው ሲነዱት ከ350 ኪሎ ሜትር በታች ሄዶ ሞተሩ ተቃጥሏል። ለበሽታው የተሻለ ፊልትሮ መጣለት፤ ሳይክሎን ይባላል።

በብርድ አይነሳም

ሞተሪኖው እምቢ ካለ ከሾፌሩ ፊት ያሉትን የታመቀ አየር ሲሊንደሮች ክፈቱ። ሞተሩ በአየር ይነሳል። ጎበዝ ሐሳብ ነው።

ከሩቅ ይሰማል

ጎማ ጠፍቶ ቸርኬው ሙሉ ብረት የሆነበት ጊዜ ነበር። ከዚህ ሌላ የሰንሰለቱ ፒኖች በአንድ በኩል አይታሰሩም። ወደ ውስጥ ሾልከው ሲወጡ ቦዲው ላይ የተበየደ ብረት እየመታ ይመልሳቸዋል። ኳኳታው ብልሽት አይደለም፣ አትነካኩት።

ጠላት ሁሌም ቀድሞ ያየናል

ዋናው በሽታ ይሄ ነው። ብዙዎች መድፉን ወይም ብረቱን ይጠረጥራሉ። ስህተት ነው።

መድፉን ይዞ በሚዞረው የላይኛው ክፍል፣ በቱሬቱ፣ ውስጥ የሚቀመጡት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው፦ ጥይት አጉራሹና አዛዡ። አዛዡ ራሱ ተኳሽ ነው። ዓይኑን አልሞ መተኮሻው ላይ ሲያደርግ ጦር ሜዳውን የሚያይለት የለም። የጥንቱ ክዳን ደግሞ ሰፊና ከባድ ነው፤ ወደ ፊት ስለሚከፈት ብቅ ላለ ሰው የፊቱን እይታ ይጋርዳል። ሬዲዮ ያላቸው በአብዛኛው የአለቆች ታንኮች ነበሩ። ሌላው ባንዲራ አይቶ ይከተላል። በጢስ መሃል ባንዲራ!

የጀርመኑ ታንክ ፓንዘር ሦስት በመድፍም በብረትም ያንሳል። ግን ቱሬቱ ውስጥ ሦስት ሰው አለው፣ አዛዡ ሥራው ማየትና ማዘዝ ብቻ ነው። ኦክቶበር 1941 በሩሲያዋ ከተማ ምጼንስክ አጠገብ የሶቪየቱ አዛዥ የካቱኮቭ ብርጌድ የጀርመኑን 4ኛ የፓንዘር (የታንክ) ክፍለ ጦር ክፉኛ የመታው አድፍጦ ስለጠበቀ ነው። በእኔ እይታ ማድፈጥ የቲ-34ን ድካም ይሸፍናል፤ ጠላት ራሱ ፊትህ ይመጣልሃልና ብዙ መፈለግ የለብህም።

መፍትሄውን መሐንዲሶቹ ከጦርነቱ በፊት ያውቁት ነበር። ቲ-34ኤም የተባለው እቅድ ሦስት ሰው የሚይዝ ቱሬት ነበረው። ወረራው አስቀረው። ታንኩን የሚሠራው የካርኮቩ ፋብሪካ ተነቅሎ ኡራል ውስጥ ኒዥኒ ታጊል ሄደ፤ ምርት የሚያዘገይ ለውጥ ማንም መስማት አልፈለገም። እኔ አልፈርድባቸውም። ታንኩ በየሳምንቱ በገፍ እየወደመ መስመሩን ማቆም አይቻልም ነበር።

ስለዚህ በማስታገሻ ተኖረ። አንዱ ትልቅ ክዳን ለሁለት ተከፈለ፤ ሁለቱም ሲከፈቱ የካርቱኑን አይጥ ጆሮዎች ስለሚመስሉ ጀርመኖች «ሚኪ ማውስ» አሉት። በ1943 ለአዛዡ ዙሪያውን የሚያይበት ማማ ተጨመረ፣ ሬዲዮም ለሁሉም መዳረስ ጀመረ። ተኳሹ ግን አሁንም አዛዡ ነው።

ጥይታችን ነጥሮ ይመለሳል

በ1943 ሩሲያ ውስጥ በኩርስክ ጦርነት ላይ የታየ ምልክት ነው። 76 ሚሊ ሜትሩ መድፍ የጀርመኑን ከባድ ታንክ ታይገርን ከፊት ለፊት አይበሳም። ለመብሳት ወደ ጎኑ መዞር ወይም በጣም መቅረብ ያስፈልጋል። በሜዳ ላይ እየሮጡ መቅረብ ምን እንደሚያስከፍል ጁላይ 12 ቀን በዚያው ጦርነት ፕሮኮሮቭካ የተባለው ቦታ ላይ ታየ።

መፍትሄው 85 ሚሊ ሜትር መድፍ ነው። ትልቅ መድፍ ትልቅ ቱሬት ይፈልጋል፤ ቱሬቱ የሚቀመጥበት ቀለበት ወደ 1.6 ሜትር ሰፋ። ቦታ ሲገኝ ሦስተኛው ሰው ገባ፣ አዛዡም መተኮሱን ለሌላ ሰጠ። በ1944 መጀመሪያ ማምረት የተጀመረው ቲ-34-85 ይሄ ነው። ሰው የሚያስታውሰው መድፉን ነው። እኔ ግን ትልቁ ጥገና ወንበሩ ነው ባይ ነኝ።

ውስጡ ይጠባል፣ ናፍጣው ከጎናችን ነው

መፍትሄ የለውም። የአሜሪካዊው መሐንዲስ የክሪስቲ ዓይነት ሞላዎች ቦዲው ውስጥ ቦታ ይበላሉ፣ የነዳጅ ታንከሮቹም ከተዋጊዎቹ ጎን ናቸው። ሞላዎቹን የቀየረውና ሞተሩን አግድም ያስቀመጠው ቀጣዩ ታንክ ቲ-44 ነው።