የቧንቧ ሥራ ከዜሮ እንዴት ይጀመራል?

አዲስ አበባ ዳር፣ ኮዬ ፈጬና ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ለቧንቧ ሠራተኛ ሥራ አይጠፋም። ውኃ በፈረቃ ስለሚመጣ ሰዉ ሮቶ ያስገባል፤ ሮቶ ካለ ፓምፕ አለ፣ የሚያንጠባጥብ መገጣጠሚያም አለ። የጠፋው ሠርቶ ስልኩን የማያጠፋ ሰው ነው።

መጀመሪያ አንድ ባለሙያ ሥር ረዳት ሁኑ። ግድግዳ መቦርቦር ይሰለቻል፣ ግን የቴክኒክና ሙያ ተማሪም ቢሆን አይዘለውም። ሲኦሲውን (የሙያ ብቃት ምዘናውን) ጎን ለጎን ተፈተኑ፤ ኮንትራክተር ጋ ስትሄዱ ይጠቅማችኋል።

ዕቃ፦ ሁለት የቧንቧ መፍቻ፣ ሜትር፣ ውኃ ልክ፣ የፒፒአር (በሙቀት የሚበየደው የፕላስቲክ ቧንቧ) መቀስና የብየዳ ማሽን። በመጋዝ አትቁረጡ፣ ፍርፋሪው ውስጥ ይቀራል። ሌላው ሁሉ አሮጌ ይሁን፣ ማሽኑን ግን ርካሽ አትግዙ።

አሁን ብየዳው። ማሽኑ 260 ዲግሪ ይድረስ። ቧንቧውን ቀጥ አድርጋችሁ ቁረጡና በደረቅ ጨርቅ ጥረጉ። የሚገባበትን ልክ በእርሳስ ምልክት አድርጉ፤ ለ20 ሚሊ ሜትር ቧንቧ 14 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ቧንቧውንና ኤልቦውን (የመታጠፊያ መገጣጠሚያውን) ማሽኑ ላይ እኩል አስገብታችሁ 5 ሰከንድ ቁጠሩ፣ ለ25ቱ 7። አውጡና ሳታጣምሙ ግፉት፤ ምልክቱ ጋ ሲደርስ በቃ። ከዚያ 2 ደቂቃ አትንኩት። ችግሩ ሁላችንም «ጠንከር ይበል» ብለን አብዝተን ማቅለጣችንና አብዝተን መግፋታችን ነው። የቀለጠው ወደ ውስጥ ይቆለላል፣ ከውጭ ግን ያምራል።

እኔ አንድ ጂ ፕላስ ዋን ቤት ላይ ተቃጥዬበታለሁ። ሴራሚኩ ተለጥፎ ካለቀ በኋላ የላይኛው ሻወር ሲከፈት ውኃው እንደ ክር ቀጠነ። ባለቤትየዋ ፓምፑን ጠረጠሩ፣ እኔም አብሬ ፓምፑን ረገምኩ። በሦስተኛው ቀን ግድግዳውን ሰብሬ ኤልቦውን ለሁለት ስሰነጥቀው ቀዳዳው የእስክሪብቶ ቀፎ እንኳ በግድ ነው የሚያሳልፈው። ሴራሚኩን ከኪሴ ገዛሁ፤ ያው ቀለም ስላልተገኘ እስከዛሬ ሁለት ረድፍ ለይቶ ይታያል።

የሚገርመው መስመሩን በግፊት ፈትሼው ነበር። 10 ባር ላይ ቆሞ ንቅንቅ አላለም። የግፊት ፍተሻ የሚነግራችሁ ማፍሰሱን ነው፣ መደፈኑን አይነግራችሁም። ስለዚህ ልስን ሳይገባ እያንዳንዱን ጫፍ ከፍታችሁ ባልዲ ስንት ደቂቃ እንደሚሞላ እዩ።

ከዚያ የግድግዳውን መስመር ፎቶ አንሥታችሁ ለባለቤቱ ላኩ። መስታወት ሊሰቅል ሚስማር ሲመታ ቧንቧ የበሳ ሰው መጀመሪያ የሚደውለው ለእናንተ ነው።