ሐዋሳ ላይ የደቀ መዝሙር ቡድን ስትጀምሩ

በ30 ወጣት አትጀምሩ። አራት ወይም አምስት ይበቃል። ጌታ 12 ነው የመረጠው፤ ከእነሱም ሦስቱን ይበልጥ አቅርቧል። መድረክ ላይ ጎልቶ የሚታየውን ሳይሆን ቀጠሮ የሚያከብረውን ያዙ። እኔማ ከፕሮግራም በኋላ ወንበር የሚያነሳው ማን እንደሆነ ነው የማየው።

ንባቡ ከማርቆስ ወንጌል ይሁን። 16 ምዕራፍ ነው፤ በሳምንት አንድ ብትሉ አራት ወር ገደማ ይወስዳል። አንዱ ጮክ ብሎ ያነባል፤ ሌላው መጽሐፉን ዘግቶ በራሱ አነጋገር ይተርካል። ከዚያ አንድ ጥያቄ ብቻ፦ «እስከ ሐሙስ ምን ታደርጋለህ?» «እተጋለሁ» የሚል መልስ አልቀበልም፤ ነፋስ ነው። «ከተኳረፍኩት ወንድሜ ጋር ቡና እጠጣለሁ» ካለ ግን ደብተር ላይ ይጻፋል። በሚቀጥለው ሳምንት መጀመሪያ የሚጠየቀውም እሱ ነው።

ለወንጌል ተልእኮ ሩቅ አገር አታስቡ። ኢንዱስትሪ ፓርኩ ከየገጠሩ የመጡ ብዙ ወጣት ሴቶች የሚሠሩበት ነው። አንድ ክፍል ለሦስት ለአራት ተከራይተው የሚኖሩ አሉ። እህቶች በእረፍት ቀናቸው ይጎብኟቸው። ትራክት (አጭር የወንጌል ጽሑፍ) ከመበተን ዳቦ ይዞ መሄድ ይሻላል። ሲዳምኛ የምትችል ካለች እሷ ትቅደም፤ ሰው በአፍ መፍቻው ሲጸለይለት ፊቱ ይፈታል።

እዚሁ ሐዋሳ ያለው ታቦር ተራራ ላይ መጸለይ ካሰባችሁ ፀሐዩ ሳይበረታ በማለዳ ውጡ። ውሃ ያዙ፤ ለወላጆችም ቀድማችሁ ንገሩ። የ12ኛ ክፍል ተፈታኝ ካለ ደግሞ በፈተና ሰሞን ልቀቁት፣ ያጥና።