ኤክስተርናል ገዝታችሁ ፋይላችሁን እንዳታጡ

የሰርግ ቪዲዮ ኤዲት ማድረግ ከጀመርኩ ቆየሁ። በዚህ ሥራ ከካሜራ ይልቅ ያስለቀሰኝ ሃርድ ዲስክ ነው።

በቀደም አንድ ልጅ ኤክስተርናሉን፣ ማለትም በኬብል ከውጭ የሚሰካውን ሃርድ ዲስክ፣ በፌስታል ጠቅልሎ መጣ። ስንሰካው ቀጭ ቀጭ ይላል። ሰርጉ፣ መልሱ፣ የአባቱ የመጨረሻ ፎቶዎች፣ ሁሉም እዚያ ውስጥ ነው። «ላፕቶፑ ላይስ የለም?» አልኩት። «አጠፋሁታ፤ ባክአፕ አድርጌው ነበር» አለኝ።

ይቺን መልስ ስንቴ ሰማኋት! ወገን፣ ከላፕቶፕ ቆርጦ ኤክስተርናል ላይ መለጠፍ ዕቃ ማዛወር ነው። ባክአፕ የሚባለው አንዱ ቢሞት ያው ፋይል ሌላ ቦታ ሲገኝ ነው። አዲስ ነው፣ ኦርጅናል ነው፣ ዋስትና አለው አትበሉኝ። ዋስትናው ዲስኩን ይቀይርላችሁ ይሆናል፤ ፎቶውን ግን አይመልስም። ስለዚህ ሱቅ ስትገቡ «ስንት ቴራ?» ከማለታችሁ በፊት «ስንት ፍሬ?» በሉ። ትንሽ ብር ቢያስጨምርም አንድ ባለ 4 ቴራ ከምትገዙ ሁለት ባለ 2 ቴራ ግዙ።

ስቆጣ አይታችሁ ጎበዝ እንዳትሉኝ። የልጄ ክርስትና ቪዲዮ የጠፋው በዚሁ መንገድ ነው። ሚስቴ ዛሬም ታነሳብኛለች።

ሁለተኛው ስህተት የ«16 ቴራ» ፍቅር ነው። ጣት የምታክል፣ ላባ የምትቀል፣ ዋጋዋ ከባለ 1 ቴራ ያነሰ። ፎርጂድ ናት። ከፍታችሁ ብታዩዋት ውስጧ ብዙ ጊዜ ተራ ሚሞሪ ካርድ ነው የሚገኘው። ለኮምፒውተሩ 16 ቴራ ነኝ ብላ እንድትዋሽ ተደርጋለች። ፋይል ስትገለብጡ ትቀበላለች፣ ስሙንም ታሳያለች። ሲሞላባት በድሮው ላይ ትጽፋለች፤ በኋላ ልክፈት ስትሉ አይከፈትም። በኪስ የሚያዝ ባለ ዲስክ ኤክስተርናል ትልቁ እስካሁን 6 ቴራ ነው። አዲስ ስትገዙ ምንም ሳትጭኑበት በዊንዶውስ ኤችቱቴስትደብሊው (H2testw)፣ በማክና በሊኑክስ ኤፍስሪ (F3) በሚባሉት ነፃ ፕሮግራሞች ሙሉውን ፈትሹት። ሰዓታት ይፈጃል፤ ሌሊት ይሥራ።

በነገራችን ላይ ባለ 1 ቴራው 931 ጊጋ ቢላችሁ አልተሸወዳችሁም። ፋብሪካው በ1000፣ ዊንዶውስ በ1024 ስለሚቆጥሩ ነው።

ሌላው፣ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠውን ግድግዳ ሶኬት ላይ ተሰክቶ የሚሠራውን ትልቁን መግዛት ነው። ለስቱዲዮ ጥሩ ነው፤ ግን ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆየው) ከሌላችሁ ተዉት። መብራት እልም ሲል እየጻፈ መሐል ላይ ይሞታል። ትንሹ ኤሌክትሪኩን ከላፕቶፑ ስለሚጎርስ የላፕቶፑ ባትሪ ያቆየዋል።

ኤስኤስዲ ወይስ ሃርድ ዲስክ? ይዛችሁ የምትዞሩ ከሆነ ኤስኤስዲ፤ ውስጡ የሚዞር ዲስክ የለውም። ሃርድ ዲስክ እየዞረ ሳለ ከወደቀ ንባብ ጭንቅላቱ ዲስኩን ሊፍቀው ይችላል። ቤት ተቀምጦ ለሚያጠራቅም ግን በዋጋው ሃርድ ዲስክ ያዋጣል።

ፍጥነት ቀነሰ ብላችሁ ዲስኩን ከመራገማችሁ በፊት ኬብሉንና መሰኪያውን እዩ። 100 ጊጋ የሰርግ ፋይል በዩኤስቢ 3 በተራ ሃርድ ዲስክ ሩብ ሰዓት ገደማ ነው፤ በዩኤስቢ 2 ወደ ሃምሳ ደቂቃ ይጠጋል።

ፎርማት (ዲስኩ ፋይል የሚያደራጅበት መንገድ)፦ ፋት32 ከ4 ጊጋ በላይ የሆነ አንድ ፋይል አይቀበልም። ኤንቲኤፍኤስን ማክ ያነባል እንጂ እንደመጣ አይጽፍበትም። በዊንዶውስም በማክም የምትሠሩ ከሆነ ኤክስፋት አድርጉት፤ ኢጀክት ሳትሉ ግን አትንቀሉት።

ቀጭ ቀጭ ካለ ወዲያው ንቀሉት። ደጋግማችሁ እየሰካችሁ አትሞክሩት። አንዱ ደንበኛዬ ቪዲዮ አይቶ በብሎን መፍቻ ከፈተውና ዲስኩን በመነጽር ጨርቅ ወለወለው! ካመጣልኝ በኋላ ምን ልበለው?

የመጨረሻው፣ ሁለቱንም ዲስክ ከላፕቶፑ ጋር አንድ ቦርሳ ውስጥ መያዝ ነው። ሌባው አንዱን መርጦ አይሄድም። የእኔ ሁለተኛው እናቴ ቤት ቡፌ ውስጥ ነው፣ ከስኒዎቹ ኋላ። ቡና ልጠጣ ስሄድ አዲሱን ትቼ የቆየውን ይዤ እወጣለሁ። «ይሄን ጥቁር ነገርህን መቼ ነው የምታነሳልኝ?» ትለኛለች በሄድኩ ቁጥር።